የጋዚ ሥሮች

ከሞምባሳ ወደ ታንዛኒያ ድንበር የሚወርደውን አስፋልት ይዞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ጋዚ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ያገኛል። ብዙው መንገደኛ ግን እዚያ አይደርስም። ነጭ አሸዋና ሆቴል ፍለጋ የመጣው ዲያኒ ላይ ይወርዳል፤ ድንበር ተሻጋሪው ደግሞ በመስኮት አይቶ ያልፋታል። እኔን ወደ ጋዚ የሳበኝ በባሕሯ ዳር፣ ውሃ በሚሞላበት ጭቃ ላይ የቆመው የማንግሮቭ ደን ነው፤ ከደኑም ሥሮቹ፤ ከሥሮቹም ይበልጥ በላያቸው ተጣብቀው የሚኖሩት ቀይ የባሕር አልጌዎች።

በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው አልጌ ሲባል የሚታየው በኩሬ ፊት ላይ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ነው። ባሕር ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ አልጌ ቀይም ቡናማም አረንጓዴም ይሆናል፤ ቅጠል መሳይ፣ ክር መሳይ፣ ቁጥቋጦ መሳይም ይሆናል። ስለ ማንግሮቭ በማነብባቸው ጽሑፎች ሁሉ ስለ ዛፉ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ሸርጣኑ፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ስለ ካርቦኑ ብዙ ተብሏል። ሥሩን ከላይ እስከ ታች ስለሚያለብሰው ሕይወት የሚያወሩት ግን ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ለሙያ ባልደረቦቻቸው ነው። ይህ ተገቢ አይመስለኝም። ደንን በዛፎቹ ቁጥር ብቻ የሚመዝን ሰው ብዙውን ነገር ሳያይ ይመለሳል ብዬ አምናለሁ።

መንገዱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ ያለውን እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ በጀመረው ባቡር መሄድ ይቻላል። ሞምባሳ ደሴት ናት፤ ወደ ደቡቡ ዳርቻ ለመሻገር ሊኮኒ ላይ ትልቁን ጀልባ መያዝ ያስፈልጋል። እግረኛው፣ መኪናው፣ የአትክልት ጋሪው አንድ ላይ ተጭኖ ይሻገራል። ከዚያ ማታቱ በሚባለው የሕዝብ ታክሲ እስከ ኡኩንዳ፣ ከኡኩንዳ በሌላ ማታቱ እስከ ጋዚ መገንጠያ። ከመገንጠያው እስከ መንደሩ ያለው መንገድ በኮኮነት ዛፎች መካከል በእግር የሚሄዱበት ነው።

ወደ ደኑ የሚገቡበትን ሰዓት የሚወስነው ባሕሩ ነው። በዚህ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ጨረቃ አዲስ ስትሆንና ሙሉ ስትሆን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ያልፋል፤ ሰው የቆመበት ቦታ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከራሱ በላይ ውሃ ይሆናል ማለት ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ይህን ጊዜ ባምቩዋ ይሉታል፤ መረባቸውን የሚጥሉት፣ ጀልባቸውን የሚጠግኑት በዚሁ አቆጣጠር ነው። ሥር ማየት ለሚፈልግ ሰው የተሻለው ጊዜም የባምቩዋ ጉድለት ነው።

በደኑ ውስጥ የጋዚ ሴቶች ማኅበር የሚያስተዳድረው ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ የእንጨት መተላለፊያ አለ። ከማኅበሩ አባላት አንዷ፣ ዕድሜያቸው ከእናቴ የማይተናነስ ሴት፣ ካንጋ የሚባለውን ጨርቃቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ቀደሙኝ። በመንደሩ ወግ ማማ ብዬ ጠራኋቸው፤ እሳቸውም ዳዳ ይሉኝ ነበር፤ እህቴ እንደ ማለት።

«ዳዳ፣ እዚህ ጋ ቀስ ብለሽ ርገጪ፤ ያዳልጣል» አሉኝ፤ ቀጥለውም መተላለፊያው ካበቃበት ወደ ጭቃው ወረዱ።

የጋዚ ደን ከ600 ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ምኩሩሙድዚና ኪዶጎዌኒ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ከደጋማው በኩል ጨው የሌለው ውሃ ያመጡለታል፤ በባሕሩ በኩል ደግሞ የቻሌ ልሳነ ምድርና የኮራል አለቱ ከማዕበል ይከልሉታል። በኬንያ ከሚታወቁት ዘጠኝ ያህል የማንግሮቭ ዝርያዎች አብዛኞቹ እዚህ አሉ። ወደ ባሕሩ ቀርቦ የቆመው ምሊላና ነው፤ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ሶኔራሺያ የሚሉት። ከኋላው ሳይንሱ ሪዞፎራ የሚለው ምኮኮ ይመጣል። አቪሴንያ የሚባለው ደግሞ በሁለቱም ጫፍ፣ በባሕሩም በየብሱም በኩል ይታያል። ማማ ዛፎቹን በአገልግሎታቸው ነበር የሚያስተዋውቁኝ፤ ይህ ለቤት ምሰሶ፣ ያ ለጀልባ፣ ያኛው ለማገዶ፣ የዚህኛው ቅርፊት ለቀለም።

ዛፉ የቆመበት ጭቃ አየር የለውም። ጥቂት ጫር ሲያደርጉት ጥቁር ይሆናል፤ የተበላሸ እንቁላል ሽታም ይወጣዋል። ሥር ደግሞ መተንፈስ አለበት። ስለዚህ የእያንዳንዱ ዛፍ ሥር በየራሱ መንገድ ወደ አየር ይወጣል። ምኮኮ ከግንዱ ጎን ቅስት የሚሠሩ ሥሮች እያወጣ ወደ ጭቃው ይተክላቸዋል፤ ዛፉ በብዙ እግር የቆመ ይመስላል። አቪሴንያ ከጭቃው ውስጥ ወደ ላይ የሚወጡ፣ እንደ ጣት የቀጠኑ ሥሮች በመቶዎች ያበቅላል። የምሊላና ሥሮችም እንዲሁ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ግን ወፍራምና ከታች ሰፊ፣ ከላይ ሹል ናቸው።

አልጌ የራሱ ሥር የለውም። የሚያስፈልገውን ሁሉ በመላ አካሉ ከውሃው ይወስዳል፤ የሚሻው የሚይዘውን ጠንካራ ነገር ብቻ ነው። አለታማ ዳርቻ ላይ ድንጋይ ይይዛል። እዚህ ግን ዙሪያው ሁሉ ጭቃ ነው፤ ጭቃ ደግሞ አይያዝም። በዚህ ዳርቻ ለአልጌ ከሁሉ ይልቅ አስተማማኝ የሆነው ጠንካራ ነገር የዛፉ ሥር ነው። ዛፉ ለመተንፈስ ብሎ ያወጣው አካል ሥር ለሌላቸው ፍጥረታት መኖሪያ ሆነ።

መጀመሪያ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ውሃው ከሸሸ ሰዓታት ያለፉት ሥር ላይ ያለው አልጌ በማድ ቤት ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለ ጥቀርሻ ነው የሚመስለው፤ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ። ያለ ማማ ብሆን ኖሮ ይህ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ለማመን እቸገር ነበር። እሳቸው ከሥሩ ግርጌ ካለች ትንሽ ጉድጓድ በመዳፋቸው ውሃ ጨለፍ አድርገው አፈሰሱበትና «ጠብቂ» አሉኝ። ጥቂት ቆይቶ የተጠቀለሉት ጫፎች መፈታት ጀመሩ። ጥቁሩ ወደ ቡናማ፣ ቡናማው ወደ ሐምራዊ ተለወጠ። ለስላሳ ሆነ፤ ለመለመ።

ይህ ደርቆ የሚነሣው ቦስትሪኪያ ይባላል። በጉድለቱ ሰዓት በአካሉ ያለውን ውሃ አብዛኛውን ያጣል፤ አብዛኛው የባሕር ተክል በዚህ መጠን ቢደርቅ ይሞታል። ቦስትሪኪያ ግን ውሃው ሲመለስ በብርሃን ምግብ መሥራቱን ካቆመበት ይቀጥላል። ምሥጢሩ በከፊል በሕዋሳቱ ውስጥ የሚያጠራቅማቸው ሶርቢቶልና ዱልሲቶል የተባሉ፣ ከስኳር ጋር የሚዛመዱ ውህዶች ናቸው። ሶርቢቶልን ስኳር በሌለው ማስቲካ ውስጥ እናውቀዋለን። ጀርመናዊው ኡልፍ ካርስተንና ባልደረቦቻቸው በሠሯቸው ጥናቶች እንደታየው፣ በዙሪያው ያለው ጨው ሲበዛ አልጌው እነዚህን ውህዶች ይጨምራል፤ ዝናብ ጥሎ ውሃው ሲቀጥን ይቀንሳል። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ሥር ላይ የሚኖር አልጌ ግን በፀሐይ የተነሣ ከዚያ በላይ የጨው ክምችት ያገኘዋል፤ ወንዝ ሲሞላ ደግሞ ጨው አልባ በሚባል ውሃ ይታጠባል። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊደርሱበት ይችላሉ። በባሕር ዳር ካየኋቸው ፍጥረታት ሁሉ የዚህን ያህል ያከበርኩት የለም።

ቀይ አልጌ ይባሉ እንጂ ጥርት ያለ ቀይ የሆነ ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ወደ ሐምራዊና ቡናማ ያደላሉ። ቀለሙ የሚመጣው ፊኮኤሪትሪን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ እሱም ያለ ምክንያት አልተገኘም። ከላይ የተዘረጋው የዛፉ ቅጠል የፀሐዩን ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ለራሱ ይወስድና አረንጓዴውን ወደ ታች ያሳልፋል። ፊኮኤሪትሪን ደግሞ ያንኑ ዛፉ የተወውን አረንጓዴ ብርሃን ይጠቀምበታል። ዛፍና አልጌ በአንድ ፀሐይ ሳይሻሙ የሚኖሩት በዚህ መንገድ ነው።

አጉሊ መነጽር ሲወጣ አንድ የመሰለው ጥቀርሻ ይለያያል። ቦስትሪኪያ እጅግ ቀጭን ቅርንጫፎች አሉት፤ ጫፎቻቸው ወደ ውስጥ ይጠቀለላሉ። ካሎግሎሳ ጠፍጣፋ ነው፤ ቅጠሉ ከመሐል አጥንቱ በቀር የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ያለው፣ በየመጋጠሚያው ጠበብ እያለ ሁለት ሁለት የሚከፈል ነው። ብርሃን ላይ ሲይዙት ሕዋሳቱ በተርታ ተሰልፈው ይታያሉ፤ እንዲህ ስስ ነገር በጭቃ መካከል መገኘቱ ያስደንቃል። ካቴኔላ ከሁሉም ወፍራም ነው፤ በአንገት በአንገቱ የቀጠኑ ክፍሎች እየተያያዙ ያድጋሉ፤ ሥጋው ውሃ ስለሚይዝ ቶሎ አይደርቅም። በምያንማር ሰዎች ይበሉታል። አራተኛው ሙራዬላ ነው፤ ለስላሳ ጸጉር የለበሰ፣ እርጥበትና ጥላ የሚወድ፣ ከሥሩ ዝቅ ብሎ የሚገኝ።

እነዚህ አራቱ አብረው የሚገኙት ጋዚ ብቻ አይደለም። ጀርመናዊቷ ኤሪካ ፖስት እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተሙት ጥናት ከተለያዩ ሞቃት አገሮች የመጡ ናሙናዎችን አመሳክረው፣ ማንግሮቭ ባለበት ዳርቻ ሁሉ ይኸው ቡድን ተደጋግሞ እንደሚገኝ አሳዩ፤ ቡድኑ ዛሬም ከቦስትሪኪያ በወጣ ስም ይጠራል። በጣም የታወቀው የካሎግሎሳ ዝርያ መጀመሪያ የተገለጸው በደቡብ አሜሪካ፣ በፈረንሳይ ጉያና፣ ካየን አካባቢ በተሰበሰበ ናሙና ነው። ናሙናውን የሰበሰቡት ሌፕሪየር የተባሉ የፈረንሳይ መድኃኒት ቀማሚ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1840 የገለጹት ካሚል ሞንታኝ ናቸው። ሞንታኝ በ14 ዓመታቸው ናፖሊዮን ወደ ግብፅ ባዘመተው ኃይል ውስጥ ገብተው የተጓዙ፣ በኋላ የጦር ሐኪም የሆኑ ሰው ነበሩ፤ በጡረታ ዘመናቸው ዕድሜያቸውን ለእንደዚህ ያሉ ደቃቅ ዕፅዋት ሰጡ። የጋዚን ሥሮች ደግሞ በቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲው ኤሪክ ኮፐያንስ ከባልደረባቸው ጋር መርምረው፣ ከማንግሮቩ ጋር የሚኖሩትን አልጌዎች እ.ኤ.አ. በ1989 አሳትመዋል። ከካየን እስከ ጋዚ አንድ ሙሉ ውቅያኖስና አንድ ሙሉ አህጉር አለ፤ የካሎግሎሳ ወገን ግን በሁለቱም ዳርቻ የሥር ላይ ነዋሪ ነው።

ስለ ብዝኃነት ስናወራ ብዙውን ጊዜ በዓይን የምናየውን እንቆጥራለን። የእነዚህ አልጌዎች ታሪክ ይህ ቆጠራ ምን ያህል እንደሚያጎድል ያሳያል። በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ጆን ዌስት ለብዙ ዓመታት ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ቦስትሪኪያና ካሎግሎሳዎችን በሕይወት፣ በብልቃጥ ውስጥ እያሳደጉ አቆይተዋል። ከጁዜፔ ዙካሬሎ ጋር ሆነው ወንዱን ከአንዱ አገር፣ ሴቷን ከሌላው አምጥተው ያዳቅሏቸው፣ የዘር ቅንጣታቸውንም ያነጻጽሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት በመልክ ሁለት ዝርያ ብቻ ይመስሉ የነበሩት ቦስትሪኪያ ራዲካንስና ቦስትሪኪያ ሞሪትዚያና እርስ በርስ የማይዋለዱ በርካታ የተደበቁ ዝርያዎችን የያዙ መሆናቸውን አሳዩ። በአጉሊ መነጽር ስር አንድ ናቸው፤ አብረው ሲቀመጡ ግን ዘር አይወጣቸውም። ከአንድ ዳርቻ ሥር ላይ የሚፋቅ አልጌ ሌላ ቦታ የሌለ ዝርያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ሳይታወቅ የሚጠፋም እንዲሁ።

አወላለዳቸውም ለብቻው ሊወራለት የሚገባ ነው። የቀይ አልጌ የወንድ ዘር ጅራት የለውም፤ መዋኘት አይችልም። ከአባቱ ተለይቶ ወደ ሴቷ የሚደርሰው ውሃው በወሰደው መንገድ ነው። ከተገናኙ በኋላ በእናቲቱ አካል ላይ ሁለተኛ ትውልድ ያድጋል፤ እሱ የበተነው፣ ስፖር የሚባል የመራቢያ ቅንጣት ሌላ ሥር ላይ አርፎ ሦስተኛ ትውልድ ይሆናል፤ ሦስተኛው ደግሞ በአራት በአራት የተያያዙ ስፖሮች አውጥቶ ወንድና ሴት አልጌዎችን መልሶ ያስገኛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ በሚመጣበትና በሚሄድበት፣ የሚያዝበት ቦታ በጣት ስፋት በሚለካበት ሥር ላይ ነው።

ማማ ስለ ስፖር አልተጨነቁም። የሚያውቁት ግን እኔ ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን ነበር። ሥሩን ከላይ ወደ ታች በጣታቸው እየጠቆሙ ውሃው በባምቩዋ እስከየት እንደሚደርስ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ የቱ ጋ እንደሚቆም አሳዩኝ። አልጌው ይህንኑ መስመር ይከተላል። ከላይ፣ ውሃ ለአጭር ጊዜ ብቻ በሚጎበኘው ክፍል፣ ድርቀት የሚችለው ቦስትሪኪያ ብቻውን ወይም ከአረንጓዴ ክር አልጌ ጋር ይቀመጣል። ዝቅ ሲል ካሎግሎሳና ካቴኔላ ይቀላቀላሉ። ወደ ግርጌው ሙራዬላ፣ ከዚያም የኦይስተር ቅርፊትና ስፖንጅ ቦታውን ይጋፋሉ። ውሃ ፈጽሞ በማይለየው ጠርዝ ላይ ደግሞ ከኮራሉ በኩል የመጡ ትልልቅ አልጌዎች፣ አረንጓዴውም ቡናማውም፣ ይይዙታል። በምኮኮ ቅስት ሥር ላይ ይህ አሰላለፍ ረጅም ነው፤ በአቪሴንያ አጭር ሥር ላይ ግን ሁሉም በአንድ ጣት ርዝመት ውስጥ ይጨናነቃል። የዛፉ ዝርያ ሲለወጥ፣ የጥላው ውፍረት ሲለወጥ፣ ወንዙ ሲቀርብና ሲርቅ የነዋሪው ስብጥርም ይለወጣል። ስለዚህ የብዙ ዓይነት ዛፍ ደን የብዙ ዓይነት ሥር ደን ነው፤ የብዙ ዓይነት ሥር ደንም ብዙ ዓይነት አልጌ ያኖራል።

በአልጌው ውስጥ የሚኖሩትን ለማየት እጅን ውሃ ውስጥ አድርጎ ማራገፍ ይበቃል። ትናንሽ ሸርጣኖች፣ ትሎች፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ዘላይ የሽሪምፕ ዘመዶች ይወጣሉ። የማንግሮቭ ቅጠል ጠንካራና መራራ ነው፤ ናይትሮጅኑም ጥቂት ስለሆነ ለብዙዎቹ ትንንሽ እንስሳት የማይመች ምግብ ነው። አልጌ ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይፈጫል፤ ለእርጥበትም ለመደበቂያም ያገለግላል። ቀንድ አውጣዎቹ ውሃው ሲሞላ ግንዱን እየወጡ፣ ሲጎድል እየወረዱ ሥሩን ይግጣሉ። ማማ በሙላት ሰዓት የዓሣ ጫጩቶች በሥሮቹ መካከል ተጠልለው እንደሚያድጉ ነገሩኝ፤ መንደሩ የሚበላው ዓሣ በከፊል ከዚህ የወጣ ነው።

ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ተቆርጧል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጋዚ ምኮኮ ለፋብሪካ ማገዶነት በሰፊው ወድቆ፣ ቦታው ለዓመታት ራሱን ሳይተካ ራቁቱን ቀረ። ዛፍ ሲቆረጥ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ጥላው ይጠፋል፤ ጭቃው በፀሐይ ይነድዳል። አልጌው የሚይዘውንም የሚከልለውንም አብሮ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 የኬንያ የባሕርና የዓሣ ምርምር ተቋም ባለሙያዎች፣ በተለይም ጄምስ ካይሮ፣ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሆነው ችግኝ መትከል ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ የጀመረው ሚኮኮ ፓሞጃ የተባለው የማኅበረሰቡ ፕሮጀክት ደግሞ 117 ሄክታር ደን እየጠበቀ፣ በዓመት 3,000 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጥን የካርቦን ድርሻ ይሸጣል። ከማንግሮቭ ጥበቃ በዚህ መንገድ ገቢ ካገኙት በዓለም የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማት ተሰጥቶታል። ገንዘቡ ለመንደሩ የውሃ መስመርና ለትምህርት ቤት መጻሕፍት ውሏል። ማማ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ ኩራታቸውም ይገባቸዋል።

ቀይ ባሕርን ለሚያስታውስ የአገራችን ሰው ይህ ዓይነቱ ታሪክ እንግዳ አይደለም። በምፅዋ ጠረፍ አቪሴንያ ይበቅላል። ከምፅዋ በስተደቡብ ባለችው ሕርጊጎ፣ ጃፓናዊ አሜሪካዊው ጎርደን ሳቶ የዝናብ ጎርፍ በሚደርስባቸው ቦታዎች ብቻ ማንግሮቭ እንደሚበቅል አስተውለው፣ የባሕሩ ውሃ የጎደለው ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ብረት መሆኑን ተረድተው፣ እነዚህን እየጨመሩ በባዶ ጠረፍ ላይ ደን አቆሙ፤ ቅጠሉም ለበግና ለፍየል መኖ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በልጅነታቸው በታሰሩበት የአሜሪካ ካምፕ ስም ፕሮጀክቱን ማንዛናር አሉት፤ ለሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ2002 የሮሌክስ ሽልማት ተቀብለዋል። ጋዚ ላይ እነዚህን ንጥረ ነገሮች በከፊል የሚያመጡት ሁለቱ ወንዞች ናቸው። ወንዞቹ ሲታወኩ ግን ይኸው በረከት ይጎዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 እና 98 የኤልኒኞ ዝናብ ከሞምባሳ አጠገብ ባለው የምዋቼ የባሕር ሰርጥ ላይ የጫነው ደለል ሥሮቹን ቀብሮ ሰፊ ማንግሮቭ አድርቋል። የተቀበረ ሥር ዛፉንም አልጌውንም አያኖርም።

ዛፉ ሲመለስ በሥሩ ላይ የሚኖሩት ይመለሳሉ ወይ? የስዊድን ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ጋዚ መጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በተፈጥሮ በበቀለና በተተከለ የምሊላና ደን ያለውን የሥር ላይ ሕይወት አወዳደሩ። በተተከሉት ዛፎች ሥር ላይ አልጌዎችና ሌሎች ነዋሪዎች እንደገና ሰፍረው ተገኝተዋል። እኔም ማማ «ወጣት ሳለሁ ተተከለ» ያሉኝን የምኮኮ ረድፍ ሥር ስመለከት ቦስትሪኪያውን አየሁ። በደስታው ብቻ ግን አልቀረሁም፤ ወደ ነባሩ ደን ስመለስ ልዩነቱ ታየኝ። የተተከለው በአንድ ዓይነት፣ በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ መስመር የቆመ ነው፤ ሥሩም ጥላውም ተመሳሳይ ነው። ነባሩ ግን የወደቀ ግንድ አለው፣ ያረጀ ሥር አለው፣ ጥቅጥቅ ያለ ጥላና ድንገተኛ ብርሃን አለው፤ ለእያንዳንዱም የሚስማማው አልጌ አለ። የችግኝ ቁጥር ይህን አይናገርም፤ የካርቦን ቶንም አይናገርም። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው፤ ደኑን ያቆዩት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን የቆመውን ነባር ደን ቆርጦ በአዲስ መትከል ይካካሳል የሚል ሰው ካለ፣ ሥሩን ይመልከት እላለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ከጋዚ ወደ ደቡብ፣ በኪቡዩኒ መንደር ሴቶች የባሕር አልጌ ያመርታሉ። በገመድ ላይ አስረው ጥልቀት በሌለው ውሃ ያሳድጉታል፤ አድርቀው ይሸጡታል። ከእሱ የሚወጣው ካራጂናን በጥርስ ሳሙናና በአይስክሬም ውስጥ እንደ ማርጊያ ያገለግላል። ያ አልጌ ዋጋ ስላለው ሰው ያውቀዋል፣ ይጠብቀዋል። የሥር ላዩ ግን ገበያ የለውም። ካቴኔላም ካራጂናን አለው፤ ግን በጣት የሚለካ ተክል ማን ይለቅመዋል? ባይለቅሙትም ይሻላል። እኔን የሚያሳስበኝ ዋጋ የሌለው ነገር ሁሉ ባለቤት የሌለው ሆኖ መቅረቱ ነው። የኬንያና የታንዛኒያ ዩኒቨርሲቲዎች የባሕር ሳይንስ ተማሪዎች ለዚህ ሥራ ከማንም የቀረቡ ናቸው፤ በጀልባም በመርከብም መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ ውሃው ሲጎድል በእግር ይገባል። የየዳርቻው ቦስትሪኪያና ካሎግሎሳ በዘር ቅንጣት ደረጃ ቢመዘገብ የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ምን እንደያዘ ይታወቅ ነበር።

ማማ ውሃው መመለስ መጀመሩን ከእኔ በፊት አዩ። ወደ መተላለፊያው ወጣን፤ ጥቂት ቆየት ብሎ የቆምንበት ጭቃ በውሃ ተሸፈነ።

ወደ ሞምባሳ ለሥራም ሆነ ለዕረፍት የምትሄዱ፣ በተለይም ናይሮቢ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ አንድ ቀን ለጋዚ ስጡ። ከመሄዳችሁ በፊት የባሕሩን የጉድለት ሰዓት አረጋግጡ፤ አዲስ ወይም ሙሉ ጨረቃ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። የማያዳልጥ ጫማና ትንሽ አጉሊ መነጽር ያዙ። ጥቁር ሥር ስታገኙ ውሃ ጠብ አድርጉበትና ታገሡ። አልጌውን አትፋቁ፤ ሥሩን አትርገጡ። ልጆቻችሁን ውሰዱ። መግቢያውንም ለሴቶቹ ማኅበር ክፈሉ፤ ገንዘቡ እዚያው መንደር ይቀራል።